የቀለጠ ናሙና ሐሰተኛ ምስክር ነው



አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። የዛሬው ጉዳያችን በእርግጥም የሥር ጉዳይ ነው። የማወራችሁ ስለ ስኳር ድንች፣ ስለ ድንችና ስለ ካሳቫ ነው፤ በተለይም ከጓሮአችን ወይም ከድስታችን ተወስዶ፣ በበረዶ ተይዞ ወደ ላቦራቶሪ ስለሚላከው ናሙና። «ይህ የባለሙያዎች ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪገባ ድረስ ያለው በባለሙያ እጅ ሳይሆን በእናንተ እጅ ነው። የሚሰበስበው በጎ ፈቃደኛ ነው፣ የሚሰጠው ነዋሪው ነው፣ የሚያጓጉዘው ሾፌሩ ነው።

የእኔ አስተያየት በአጭሩ ይህ ነው። በመንገድ የቀለጠ ናሙና ስለ ምግባችን ሐሰት ይናገራል። ሐሰተኛ ምስክር ከሚቀርብ ደግሞ ጭራሽ ምስክር ባይኖር ይሻላል። ስለዚህ አንድን ሥር በትክክል ማቀዝቀዝና እንደቀዘቀዘ ማድረስ ካልቻልን ማቀዝቀዙን መተው አለብን። ሌላ ቀላል መንገድ አለ፤ ወደ ኋላ እገልጸዋለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ የሚነካው ማንን ነው?

የምግብ ናሙና የሚመረመረው መዝገብ ለመሙላት ብቻ አይደለም። ላቦራቶሪው «በዚህ ምግብ 100 ግራም ውስጥ ይህን ያህል ቫይታሚን አለ» ብሎ ሲጽፍ ቁጥሩ ወደ ምግብ ሠንጠረዥ ይገባል። ለምሳሌ ኬንያ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በ2018 አሳትማለች። ከሠንጠረዡ ተነሥቶ አንዱ የራሽን መጠን ያሰላል፣ ሌላው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠውን ምክር ያዘጋጃል፣ ሌላው ደግሞ ለአትክልት ቦታ የትኛው ዘር እንደሚታደል ይወስናል። ቁጥሩ ሲሳሳት ስህተቱ ተጉዞ ተጉዞ የሚያርፈው በሕፃኑ ሳህን ላይ ነው።

በምግብ ውስጥ የጎደለውን ነገር አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል የስደተኛ ታሪክ በደንብ ያሳያል። በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መካከል ስከርቪ የሚባለው በሽታ ተነሥቶ ነበር። ይህ በሽታ ቫይታሚን ሲ በማጣት የሚመጣ ሲሆን ድድን ያደማል፣ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ ሰውን ከመራመድ ያግዳል። ስለ በሽታው ስርጭት የተደረገው ጥናት በ1989 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሰዎቹ የታመሙት እህል ስላልበሉ አልነበረም። እህሉ ሆድ ይሞላል፤ ቫይታሚን ሲ ግን የለውም።

ዛሬም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ2025 በካኩማና በዳዳብ ይሰጥ የነበረው የምግብ ድጋፍ በእጅጉ ተቀንሷል። ራሽን ሲቀንስ በጓሮ የሚበቅለውና ከገበያ በጥቂት ሽልንግ የሚገዛው ሥር ትልቅ ቦታ ይይዛል። ምን እንደያዘ በትክክል ማወቅ የሚያስፈልገንም ያን ጊዜ ነው።

ብርቱካናማው ስኳር ድንች ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚህ ኢስትሊ ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር የሚበላውን ቅቅል ስኳር ድንች፣ በስዋሂሊ «ቪያዚ ቪታሙ» የሚሉትን፣ የማያውቅ የለም። ውስጡ ነጭ ወይም ክሬም የሆነ አለ፤ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነም አለ። ብርቱካናማው ቤታ ካሮቲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይዟል፤ ሰውነታችን ይህን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ልጅ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ኩፍኝና ተቅማጥም ይበረቱበታል። በደቡብ አፍሪካ ተደርጎ በ2005 በታተመ ጥናት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በቀን 125 ግራም የተቀቀለና የተፈጨ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ለ53 የትምህርት ቀናት ተመግበው በሰውነታቸው የተከማቸው ቫይታሚን ኤ ተሻሽሎ ተገኝቷል። ይህን ሰብል ለማስፋፋትና በንጥረ ነገር የበለጸጉ ሰብሎችን ለማዳረስ የደከሙት ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋ፣ ጃን ሎውና ሃዋርዝ ቡዊስ በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። በአገራችንም «ቱላ» እና «ኩልፎ» የተባሉት ብርቱካናማ ዝርያዎች በሐዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ለገበሬው ደርሰዋል። በኬንያ «ካቦዴ» እና «ቪታ» የሚባሉት ይታወቃሉ።

ይህ ሁሉ ሥራ የቆመው በላቦራቶሪ ቁጥር ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል እዚሁ ናይሮቢ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ የምግብ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ያለ ምክንያት አይደለም። ላቦራቶሪው ግን የሚመረምረው የደረሰውን ነው። ከካኩማ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዳዳብም ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያ ሙቀትና በዚያ አቧራ መንገድ ላይ የጠፋውን የትኛውም መሣሪያ መልሶ አያገኘውም።

ከጤፍ የተማርነው

የናሙና አያያዝ ቁጥርን እንዴት እንደሚለውጥ ከጤፍ የተሻለ አስተማሪ የለንም። በቀደሙት ዓመታት የተደረጉ ምርመራዎች ጤፍ ከሌሎች እህሎች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ የብረት መጠን እንዳለው መዘገቡ። በኋላ ተመራማሪዎች ጤፉን በጥንቃቄ አጥበው ሲመረምሩት ቁጥሩ ወረደ። ከብረቱ ብዙው ከጤፉ ውስጥ ሳይሆን በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ከተጣበቀበት አፈር የመጣ ነበር። ጤፍ ጥሩ እህል መሆኑ አልተለወጠም። ሆኖም «ጤፍ የሚበላ የደም ማነስ አይነካውም» የሚለው መተማመኛ በአፈር ላይ የተመሠረተ ሆኖ ተገኘ።

ጤፍ ከመሬት በላይ አድጎ ይህን ያህል አፈር ከያዘ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚያድገው ስኳር ድንች ምን ያህል እንደሚይዝ አስቡት።

የተበላሸ ናሙና ሦስት ሐሰቶች

አንደኛው ሐሰት፦ «ይህ ምግብ ደካማ ነው»። ድንች ልጣችሁ ለጥቂት ጊዜ ብታቆዩት ይጠቁራል። ይህ የሚሆነው ስትቆርጡት ሴሎቹ ተከፍተው በውስጣቸው ያሉት ኢንዛይሞች ከአየር ጋር ስለሚገናኙ ነው። በረዶም እንደ ቢላዋ ነው። ሥሩ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውኃ ትላልቅ የበረዶ ስለቶች ይሠራል፤ ስለቶቹም ሴሎቹን ይበሳሉ። በረዶ እንደሆነ እስከቆየ ጉዳቱ ይታገዳል፤ ሲቀልጥ ግን ኢንዛይሙም አየሩም በአንድ ጊዜ ይገባሉ። ቫይታሚን ሲ ቀድሞ ይጠፋል። ቤታ ካሮቲንም ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ይከተላል። ያን ጊዜ ላቦራቶሪው «ይህ ስኳር ድንች ይህን ያህል ጥቅም የለውም» ብሎ ይጽፋል። ጥሩው ዘር ከዝርዝር ይወጣል፤ እናቶችም «ለካ ዋጋ የለውም» ብለው ይተዉታል።

ሁለተኛው ሐሰት፦ «ይህ ምግብ ሀብታም ነው»። የስኳር ድንች አብዛኛው ክፍል ውኃ ነው። በደንብ ያልታሸገ ናሙና ፍሪዘር ውስጥ ውኃውን ያጣል፤ ከረጢቱ ውስጥ የምታዩት ውርጭ ከናሙናው የወጣ ውኃ ነው። እንዲህ እናስላው። 100 ግራም የሚመዝን ሥር 20 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ አለው እንበል። 20 ግራም ውኃ ቢያጣና ቫይታሚኑ ሳይነካ ቢቀር፣ በቀረው 80 ግራም ውስጥ ያው 20 ሚሊ ግራም አለ። ላቦራቶሪው የሚጽፈው ግን በ100 ግራም ስለሆነ ውጤቱ 25 ሚሊ ግራም ይሆናል። ማንም ምንም ሳይጨምር ምግቡ በወረቀት ላይ በሩብ ያህል በለጸገ ማለት ነው። አፈር የነካው ናሙናም እንደ ጤፉ ብረትን ያበዛል። በዚህ ቁጥር ተማምኖ የሕፃናትን ምግብ የሚያቅድ ሰው ጉድለቱን ሳያየው ያልፋል።

ሦስተኛው ሐሰት ከሁሉ የከፋ ነው፦ «ይህ ምግብ አደጋ የለውም»። ስለ ካሳቫ እያወራሁ ነው። ከደጋ የመጣን ብዙዎቻችን ካሳቫን በደንብ ያወቅነው ከአገር ከወጣን በኋላ ነው፤ በኬንያ «ሙሆጎ» ይባላል። ካሳቫ በተለይም መራራው በውስጡ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው። ሥሩ ሲቆረጥ፣ ሲፈጭ፣ ሲዘፈዘፍ ወይም ቀዝቅዞ ሲቀልጥ ኢንዛይሙ ያንን ንጥረ ነገር ያገኘውና ሳያናይዱ ተለቅቆ በአየር መልክ ይወጣል። ለምግብ ስናዘጋጀው ይህ ጥሩ ነው፤ የምንዘፈዝፈውና የምናደርቀውም ለዚሁ ነው። ለናሙና ሲሆን ግን አደገኛ ነው። ቤተሰቡ የሚበላው ካሳቫ መርዙ እንዳለ ሆኖ፣ በመንገድ የቀለጠው ናሙና መርዙን ጥሎ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ውጤቱ «ደህና ነው» ይላል።

ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። በመስከረም 2017 በጎረቤታችን ኡጋንዳ፣ በካሴሴ አውራጃ፣ የካሳቫ ዱቄት ምግብ በልተው 98 ሰዎች በሳያናይድ ተመርዘዋል፤ ከእነሱም ሁለቱ ሞተዋል። ዓለም አቀፉ የምግብ መመዘኛ ለካሳቫ ዱቄት የፈቀደው መጠን በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ መለኪያ ባለበት ነገር ላይ የቀለጠ ናሙና መላክ ሰውን በወረቀት ማታለል ነው።

ክትባት ምልክት አለው፤ ሥር የለውም

በጎ ፈቃደኞቻችን ስለ ክትባት የቅዝቃዜ ሰንሰለት በደንብ ታውቃላችሁ። የክትባት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ምልክት ሙቀት ሲነካው ቀለሙ ይለወጣል፤ በመሃል ያለው አራት ማዕዘን ዙሪያውን ካለው ክብ ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከጠቆረ ብልቃጡ ይጣላል። ማንም «አንዴ ስለመጣ ይወጋ» አይልም። ያንን ጥንቃቄ አክብራችሁ ስለያዛችሁት ስንት ሕፃናት ተርፈዋል።

ስኳር ድንች ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ቀልጦ እንደገና ቢቀዘቅዝ ሲያዩት ያው ድንጋይ የመሰለ በረዶ ነው። የደረሰበትን የሚያውቀው የያዘው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በክትባት ላይ ያለን ሕሊና በናሙና ላይም ያስፈልገናል።

አንድ ልዩነት ግን እንዳይረሳ። የክትባት መያዣ ሣጥን አብዛኞቹን ክትባቶች የሚይዘው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። የተቆረጠ ሥር ናሙና ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ለወራት የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይመረጣል። ተራ የውኃ በረዶ መቅለጥ የሚጀምረው ዜሮ ላይ ስለሆነ ይህን ሥራ አይሠራም። በበረዶ ጥቅሎች ተከብቦ ለአንድ ቀን የሚጓዝ ናሙና «ቀዝቃዛ» ሊሆን ይችላል፤ «በረዶ» ግን ላይሆን ይችላል። የሥጋ ቤት ፍሪዘርም መፍትሔ አይደለም። በሩ ቀኑን ሙሉ ይከፈታል፤ መብራት ይጠፋል ወይም ቶከን ያልቃል፤ ማታ የቀለጠው ጠዋት ተመልሶ ይቀዘቅዛል፤ ማንም አያውቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን አጥብቄ እመክራለሁ።

የመጀመሪያው፦ ሥሩን እንዳለ እንላክ። ስኳር ድንች ልጣጩ እስካልተላጠና እስካልተቆረጠ ድረስ የራሱ ማሸጊያ ነው። በውስጡ ያለው ቤታ ካሮቲን ብርሃንም አየርም ስለማይደርስበት ለቀናት በደህና ይቆያል። ስለሆነም ያልቆሰለ ጥሬ ሥር መርጦ፣ አየር በሚያስገባ ካርቶን ወይም ቅርጫት አድርጎ፣ ከፀሐይ ከልሎ በመጀመሪያው መኪና መላክ ከግማሽ ቅዝቃዜ ይበልጣል። ጥሬ ስኳር ድንች ከ12 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጎዳል፤ ስለዚህ እንደ ክትባት በበረዶ ሣጥን ውስጥ አትክተቱት። ቅዝቃዜ ሁሉ በጎ አይደለም፤ በብርድ የሚበላሹ ክትባቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው፦ ዘዴው ከሚፈለገው ነገር ጋር ይስማማ። ለካሮቲን ከሆነ ሙሉ ሥር ይበቃል። ለብረትና ለዚንክ ከሆነ ቅዝቃዜው ሳይሆን ንጽሕናው ይቀድማል፤ ማዕድን በሙቀት አይጠፋም፣ በአፈርና በዛገ ቢላዋ ግን ይጨምራል። ለቫይታሚን ሲ ከሆነ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ከላቦራቶሪው የሚሰጠውን ማቆያ አሲድ በቦታው መጠቀም ወይም ናሙናውን ወዲያውኑ በጥልቅ ማቀዝቀዝ ግድ ነው። ለካሳቫ ሳያናይድ ከሆነ ምርመራው በተቻለ መጠን በቦታው ይሁን። በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ፣ በቢጫ ወረቀት ቀለም መለወጥ መርዙን የሚለካ ቀላል መሣሪያ አለ፤ ፍሪዘርም መኪናም አይጠይቅም። የካሳቫ ሥር በሁለት በሦስት ቀን መበላሸት ስለሚጀምር ይህ መሣሪያ ከረጅም ጉዞ ይመረጣል።

ሦስተኛው፦ በጎ ፈቃደኛው «ቀልጧል» ብሎ የመጻፍ መብት ይኑረው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው «አድርሱ» ብቻ ነው፤ የደረሰው ነገር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ናሙና የቀለጠበት ሰው ቢናገር እንደ አጥፊ ሊታይ ይፈራል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። ይህ መለወጥ አለበት። ቀለጠ ብሎ የጻፈ በጎ ፈቃደኛ ሊመሰገን ይገባዋል፤ አንድ ሐሰተኛ ቁጥር ሠንጠረዥ ውስጥ እንዳይገባ አድርጓልና።

የሚነሱ ጥያቄዎች

«ሰው እየተራበ ስለ ናሙና ይወራል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምግብ ሲያንስ ያለችውን በትክክል ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የተትረፈረፈ ሰው ሳይቆጥር ያወጣል፤ ጥቂት ያለው ሰው ሳንቲሙን ይቆጥራል።

«ደረቅ በረዶና ጥልቅ ፍሪዘር ውድ ነው፤ ማን ይከፍላል?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ውድ ነው። እንግዲያው ሥሩን እንዳለ መላክ የካርቶን ዋጋ እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም። የሚያስከፍለው የበሰለ ምግብ ናሙና ነው፤ ከድስት የወጣ ነገር ልጣጭ ስለሌለው የግድ መቀዝቀዝ አለበት። ለዚያ ገንዘብ ከሌለ ናሙናው ይቅር። የተበላሸ ናሙና ለማስመርመርም ይከፈላል፤ ያ ገንዘብ በከንቱ ይሄዳል።

«ውጤቱ መቼ ተነግሮን ያውቃል?» የምትሉ እናቶችም አላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ከድስታችን የተወሰደ ነገር ውጤቱ ወደ ድስታችን መመለስ አለበት። ናሙና የሚወስድ ማንኛውም ቡድን ለምን እንደሚወስድ፣ እንዴት እንደሚያቆየውና ውጤቱን መቼ እንደሚነግረን አስቀድሞ ይግለጽ። እናንተም ሳትፈሩ ጠይቁ።

ለበጎ ፈቃደኞች፦ ማቀዝቀዝ ግድ ሲሆን

1. አንድ ሥር ብቻ አትውሰዱ። መካከለኛ መጠን ያላቸውን በርካታ ሥሮች ከተለያየ ቦታ ምረጡ፤ የተበሳውን፣ የበሰበሰውንና ያቆጠቆጠውን ተዉ።

2. አፈሩን በንጹሕ ውኃ በደንብ አጥባችሁ አድርቁ። ከላጣችሁ በኋላ በንጹሕ ውኃ ደግማችሁ አለቅልቁ። ያልዛገ ንጹሕ ቢላዋና የፕላስቲክ መክተፊያ ተጠቀሙ።

3. እያንዳንዱን ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለአራት ክፈሉት፤ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ሩብ ውሰዱ። ንጥረ ነገሩ በግንዱ በኩል፣ በጭራው በኩል፣ በዳርና በመሃል እኩል ስላልሆነ ከመሃል ብቻ መቁረጥ ያሳስታል።

4. ከፀሐይና ከጠንካራ ብርሃን ራቁ። ከትፋችሁ ደባልቁት፤ ሥራውም ይፍጠን።

5. በወፍራም ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፤ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡና እሰሩ። ስስ ናሙና ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቶሎ የቀዘቀዘም ጉዳቱ ያነሰ ነው። ብርሃን እንዳይገባ ከረጢቱን ከውጭ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልሉት፤ ፎይሉ ምግቡን አይንካ።

6. ክብደቱን መዝኑ። የዝርያውን ስም፣ የተነቀለበትን ቀን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ክብደቱን በማይለቅ ቀለም ጻፉ። ላቦራቶሪው ሲቀበለው ደግሞ ይመዝን፤ ልዩነቱ የጠፋውን ውኃ ይናገራል።

7. ፍሪዘሩ ውስጥ ምስክር አስቀምጡ። ኩባያ ሙሉ ውኃ አቀዝቅዙና በላዩ አንድ ሽልንግ ሳንቲም አኑሩ። ሳንቲሙ ወደ ታች ከሰመጠ ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበር ማለት ነው። ይህ ዘዴ ሙሉ መቅለጥን እንጂ ትንሽ መሞቅን አያሳይም፤ ቴርሞሜትር ካለ በቀን ሁለት ጊዜ እያነበባችሁ መዝግቡ።

8. በጉዞ ላይ ደረቅ በረዶ ከተሰጣችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ቆዳ ያቃጥላል። የሚያወጣው አየር ስለሚያፍን የመኪናውን መስኮት ክፈቱ፤ ሣጥኑንም አየር እንዳይወጣ አድርጋችሁ አትድፈኑት።

9. ናሙናው ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት። ከረጢቱ ውስጥ ያጠራቀመውን ውኃም አትድፉት፤ በውኃ የሚሟሙት ቫይታሚኖች እዚያ ውስጥ ናቸው። «ቀልጧል» ብላችሁ ከነሰዓቱ ጻፉና ለኃላፊው አስታውቁ።

ለቤታችንስ?

ፍሪዘር የሌለን ቤተሰቦችም ከዚህ የምንማረው አለ፤ ናሙናውን የሚያበላሹት ብርሃን፣ አየር፣ ሙቀትና ጊዜ የወጥ ቤታችንም ጠላቶች ናቸውና። ስኳር ድንችን ከነልጣጩ፣ ድስቱን ከድናችሁ ቀቅሉ፤ ከበሰለ በኋላ ላጡት። ልጣችሁና ከትፋችሁ ውኃ ውስጥ አታሳድሩት። ስትገዙ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ምረጡ፤ ሻጩን አንዱን እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁት። ለልጆች ስትሰጡ ጥቂት ዘይት ጨምሩበት፤ ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ለክፉ ቀን ማድረቅ ከፈለጋችሁ በጥላ ሥር አድርቁት። ያም ሆኖ ለወራት የተቀመጠ ደረቅ ቁራጭ አብዛኛውን ካሮቲን ስለሚያጣ ለረጅም ጊዜ አታከማቹት። መራራ ካሳቫን ሳትዘፈዝፉና በደንብ ሳታደርቁ ፈጽሞ አትብሉ፤ ጥሬውንም ለልጅ አታቅምሱ።

ውድ አንባቢያን፣ ስደተኛ ስለ ራሱ የመናገር ዕድሉ ጥቂት ነው። ስለ ምግባችን የሚወሰነው ብዙ ጊዜ እኛ በሌለንበት ስብሰባ፣ በወረቀት ላይ ባለ ቁጥር ነው። ከጓሮአችን የሄደው ያ ትንሽ ከረጢት እዚያ ስብሰባ ላይ ስለ እኛ ይናገራል። እውነቱን ይዞ እንዲደርስ እናድርግ፤ እውነቱን መያዝ ካልቻለ ደግሞ በግልጽ «ይህ አይሆንም» እንበል።